ብድሬ ላይ የተሰጣው ሻሽ

ኢንጂነሩ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ «ስምንተኛ» ነበር የሚለኝ። «ስምንተኛ፣ ሻይ!» «ስምንተኛ፣ ወለሉ!» «ስምንተኛ፣ መብራት ሄደ፣ ጀኔሬተሩን!» ደንበኛ ሲኖር ደግሞ ይጨምርበታል። «ስምንተኛው ሺህ ገና ነው ብላችሁ ነበር አይደል? ይኸው፣ መጥቶ ሻይ ይቀዳላችኋል» ይላል፤ ሰዎቹ ይስቃሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ብርጭቆውን አስቀምጬ እወጣለሁ። መልስ የመስጠት ልማድ አልነበረኝም። ቤታችን ውስጥም ስሜ «ዲዳዋ» ነበር።

ቢሮው ባሌ ሮቤ ውስጥ፣ ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት፣ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። እሱ ከሌላ ክልል መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ በትርፍ ጊዜው ለሰው የቤት ፕላን ይሠራል። እኔን የቀጠረኝ ለጽዳትና ለፎቶ ኮፒ ነው። ፕላኑን በካድ፣ በኮምፒዩተር መሳያው፣ ያወጣዋል፤ ነጭ፣ ቢጫና አረንጓዴ መስመር በጥቁር ስክሪን ላይ። የሮቤ ሰው ግን መስመር አያምንም። እህልና ከብት ነግዶ ገንዘብ የያዘ ሰው ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ «ኢንጂነር፣ ይሄ የሸረሪት ድር ነው ወይስ ቤት?» ይለዋል። ሰው የሚፈልገው ስሪዲውን ነው፤ ቤቱ አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ፀሐይ ወጥቶበት የሚታይበትን ሥዕል።

ስሪዲው የሚሠራው በሌላ ፕሮግራም ነው። ከካዱ ወደዚያ የተሻገረ ቤት ቀለም የለው፣ መስታወት የለው፣ ብርሃን የለው፤ አጽም ነው። ድንጋዩን ድንጋይ፣ ቆርቆሮውን ቆርቆሮ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው። ከዚያ ሬንደር፣ ሥዕሉን አብስሎ ማውጣት፣ ይታዘዝና ማሽኑ ለአንድ ሥዕል ግማሽ ቀን ያቃስታል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ኢንጂነሩ ይህን መጠበቅ ስለሚጠላ እኔን አስቀመጠኝ። «እዚህ ትቀመጫለሽ። መብራት ብልጭ ካለ ጀኔሬተሩን ታስነሻለሽ። ሌላ ነገር ብትነኪ ጣትሽን እቆርጠዋለሁ» አለኝ።

ተቀምጬ አየሁ። እኔ እያየሁት መሆኑ ትዝ አይለውም ነበር፤ ከወንበሩ ለይቶ አያየኝም። እጁ የት እንደሚሄድ፣ የትኛውን ሲጫን ምን እንደሚመጣ አየሁ። አንድ ቀን ከካዱ የመጣ ቤት ግማሽ ግድግዳው ጥቁር ሆኖ ወጣ። የግድግዳው ውስጥና ውጭ ሲገለበጥ እንደዚያ ይሆናል። እሱ ወጥቶ ስለነበር አስተካከልኩት። ሲመለስ በተጠቀለለ ፕላን ማጅራቴን መታኝ።

«ማን ንኪ አለሽ?»

ከዚያ ስክሪኑን አየ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሌሎቹንም ገልብጪያቸው» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሪዲው የኔ ሆነ። ወለሉም የኔ እንደሆነ ቀረ። ደንበኛ ሲመጣ ግን በኮምፖልሳቶ በተከለለችው ጓዳ ውስጥ ነበር የምሠራው። «አንቺ እንደሠራሽው ካወቁ ማን ይከፍለኛል?» ይላል። እኔም መታየት አልወድም ነበር። ቤትም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝ የለም። ለእናቴም፣ ለአባቴም፣ ለእህቴም የቢሮ ጠራጊ ነበርኩ። ስገባ እህቴ «ዲዳዋ መጣች፣ መጥረጊያዋን በር ላይ አስቀምጡላት» ትላለች።

ኢንጂነሩ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሥዕሉ የኮምፒዩተር መሆኑ እንዳይታወቅ። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣው ዛፍ የኛ አገር ዛፍ አይደለም፤ ሰዉም የኛ ሰው አይደለም። አንድ ጊዜ የመስጊድ ሥዕል ላይ ኢንጂነሩ ራሱ ሰው ደረደረበት። ኮሚቴዎቹ ሊያዩት መጡ። አንደኛው ሽማግሌ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉና፣ «አስተግፊሩላህ! ይቺን ባለ ቁምጣ ከነውሻዋ ለጁምዓ የጋበዝካት አንተ ነህ?» አሉት። ኢንጂነሩ ኮምፖልሳቶውን ደበደበ። «ውጪ!» ወጣሁ። «የጽዳቷ ልጅ ነክታው ነው፤ ይቅርታ ጠይቂ» አለኝ። ጠየቅኩ። ሽማግሌው አዘኑልኝና «አይዞሽ፣ ኢንተለ፣ አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በቢሮው ካሜራ የራሳችንን ነገር ማንሳት ጀመርኩ። የጎባን ድንጋይ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ዝናብ ያረፈበት የቀይ አፈር ግቢ፣ ባሕር ዛፍ፣ የፈረስ ጋሪ። ሥዕሉ ላይ ሳለብሰው ቤቱ ባሌ አገር ገባ።

አንድ የጎባ ነጋዴ የቤት ፕላን አዝዞ ነበር። በረንዳው ሰፊ፣ በሩ ባለ ሁለት ተከፋች፣ መስኮቱ ረጅም። ድንጋዩን አለበስኩት፣ ፀሐዩን ከግራ አመጣሁት፣ ከኋላው የጎባን ተራራ አደረግኩ። እንዲያም ሆኖ ቤቱ ሰው የለቀቀው ይመስል ነበር። ጠዋት ከቤት ስወጣ እናቴ ልብስ አስጥታ አየሁ። ከሁሉም መሃል የእህቴ ቢጫ ሻሽ ነበር። አንድ ጊዜ የከሰል ካውያ አቃጥሎት እናቴ ማዕዘኑ ላይ በአረንጓዴ ጨርቅ ጥፋዋለች። ሮቤ ውስጥ ሌላ እንደዚያ ያለ ሻሽ የለም። ነፋስ ሞልቶት ሲነሳ ይዤው በነበረው የቢሮ ካሜራ ፎቶ አነሳሁት። ቢሮ ስደርስ ኮምፒዩተሩ ላይ ዙሪያውን ቆረጥኩና ከአንዱ የበረንዳ ምሰሶ ወደ ሌላው ገመድ ዘርግቼ ሰቀልኩት፤ ጥላውን ወለሉ ላይ አሳረፍኩ። ሬንደሩ ሲያልቅ ወንበሬ ላይ ደንግጬ ቀረሁ። አሁን ከውስጥ ሰው የሚወጣ ይመስል ነበር።

የጎባው ነጋዴ ሲያየው «ቤቴን የልብስ ማጠቢያ አደረጋችሁት?» አለ። ልብሱን አነሳሁለት። ልብስ የተሰጣበትን ሥዕል ግን ማጥፋት አልሆነልኝም፤ ለብቻው አስቀመጥኩት። ሰውየው በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ቀረ። ቤቱ የትም አልተሠራም።

ከወራት በኋላ አንድ ሰው መጣ። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ በኮምፖልሳቶው ስንጥቅ የታየኝ አቧራ የጠጣ ጫማውና የከብት ነጋዴ በትሩ ብቻ ነው። ከብድሬ፣ ከቆላው፣ ነው የመጣሁት አለ።

«ፕላን ነው የምትፈልገው?» አለው ኢንጂነሩ።

«ፕላኑ ይቅር። ሥዕሉን ብቻ።»

«መሬት አለህ?»

«ኢንሻአላህ።»

ኢንጂነሩ ሳቀ። «ኢንሻአላህ ላይ ስንት ፎቅ ልሥራልህ?»

ሰውየውም ሳቀ። ኢንጂነሩ ሰው ያልወሰዳቸውን ሥዕሎች ይከፍትለት ጀመር። የጎባው ቤት ላይ ሲደርስ ሰውየው «ይሄ!» አለ። ንጹሑንና ልብስ የተሰጣበትን አስተያይቶ ሁለተኛውን መረጠ።

«ይሄኛው ሰው የሚኖርበት ይመስላል። ግን ተራራው የኛ አይደለም። ብድሬ ይሄ የለም።»

«ስምንተኛ!» ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ በኮምፖልሳቶው በኩል። «ተራራውን አውጪና ግራር አስገቢ። አፈሩንም አቅዪው። በፎቶ ወረቀት ይውጣለት።»

አወጣሁ፣ አስገባሁ፣ አቀላሁ። ሰውየው ሥዕሉን በላስቲክ ጠቅልሎ ሲወጣ ያፏጭ ነበር።

እኛ የምንኖረው ከአባቴ የእህል መደብር ኋላ ነው። መደብሩ ሲሞላ ጆንያው ወደ መኝታችን ይገባል። እህቴና እኔ በስንዴና በገብስ ጆንያ መሃል እንተኛለን፤ ጠዋት ፀጉራችን ውስጥ ነቀዝ ይገኛል። እህቴ ቆንጆ ነበረች፤ ቆንጆ መሆኗንም ታውቃለች። መስታወት ይዛ ነቀዙን እየለቀመች «አንድ በር ብቻ፣ ያ ረቢ! ከውስጥ የሚቆለፍ አንድ በር፣ ማንም ጆንያ የማያስገባበት» ትላለች። ሌላ ምኞት አልነበራትም። ያንን በር የሚሰጣት ሰው ሽማግሌም ይሁን መላጣ ግድ እንደሌላት በግልጽ ትናገር ነበር።

አንድ ቀን ሽማግሌዎች መጡ። አንድ የብድሬ የከብት ነጋዴ እህቴን ሼክ ሁሴን ለዚያራ፣ ቀብራቸውን ልትጎበኝ፣ ከአክስታችን ጋር በሄደችበት ወቅት አይቷት ኖሯል። አባቴና ታላቅ ወንድሙ፣ አጎታችን፣ ተቀበሏቸው። ጢማቸውን ሂና የተቀቡት ሽማግሌ ሰላምታውን፣ ዱዓውን፣ የዘር ቆጠራውን ጨርሰው፣ «ልጃችን ለሙሽሪት የሚሰጠው መህር ወርቅ አይደለም። ቤት ነው። በስሟ ይሆናል። ቃል ብቻ ይዘን አልመጣንም፤ ይኸው» አሉና ላስቲኩን ፈቱ።

እኔ ለስላሳ በትሪ ይዤ እየገባሁ ነበር። ሥዕሉን ከሩቅ አወቅኩት። ጠርሙሶቹ እርስ በርስ ተጋጩ።

«ይቺ ልጅ ምን ሆነች?» አለ አጎቴ።

«ታፍራለች» አለ አባቴ።

አባቴ ሥዕሉን ወደ በር ብርሃን ወስዶ አየው። «ማሻአላህ! ይሄ ግራር ብድሬ መንገድ ላይ አይቼዋለሁ ልበል?» አለ። አጎቴ ከትከሻው በላይ አጮለቀና በአድናቆት ምላሱን አጮኸ። ብድሬ ሩቅ ነው። ቤት ለማየት ብሎ እዚያ ድረስ የሚሄድ ሰው አልነበረም፤ ፎቶ እያለ ለምን ይሄዳል? እህቴ ከመጋረጃው ኋላ እንድታየው ተሰጣት። ጣቷን በሩ ላይ አደረገች። የሳልኩትን የቁልፍ ቀዳዳ ዳሰሰችው።

ማታውን ጠብቄ አልቆየሁም። ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ጆንያዎቹ መሃል ወስጄ ነገርኳት።

«ያ ቤት የለም።»

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት። ቢሮ፣ በኮምፒዩተር። ከኋላው ግድግዳ እንኳ የለውም። ከፊት ብቻ ስለሚታይ የኋላውን አልሠራሁትም።»

መጀመሪያ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አንቺ! በምን ሠራሽው፣ በመጥረጊያ?»

«ወላሂ።»

«ስሚ፣ ዲዳ። አንቺን የሚጠይቅ እንዳይመጣ እኔ አይደለሁም ያደረግኩት። ፊትሽንና አፍሽን የሰጠሽን ጠይቂ። በኔ በር ላይ ግን አትቁሚ።»

ሥዕሉን አጎቴ ይዞት ሄዷል። እንደ ካርታ በኮት ኪሱ አድርጎ መስጊድ በር ላይ፣ ገበያ ውስጥ፣ ለእህል ነጋዴው ሁሉ ያሳያል ይሉ ነበር። እጄ ላይ ቢሆን ኖሮ ሻሹን ያኔ ለብቻዋ አሳያት ነበር። አልነበረም።

ኒካው፣ የጋብቻ ውሉ፣ የሚታሰርበት ዓርብ መጣ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሙሽራው ሽማግሌዎች፣ ሙሽራው ራሱም፣ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። እኔ ያንን ሳምንት አልበላሁም። እህቴ እየሳቀች የምትገባበት በር ከኋላው ባዶ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ኒካው ከታሰረ በኋላ ደግሞ ማወቄ ለማንም አይጠቅምም። ሙሽራው አጎንብሶ ሲቀመጥ ጫማውን አየሁ። ያው ጫማ ነው።

አጎቴ ሥዕሉን ምንጣፉ ላይ ዘረጋው። «እንግዲህ መህሩ ይሄ ቤት ነው፤ ምስክሮች እዩ» አለ።

«ይሄ ቤት የለም» አልኩ።

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ነበር። ወንዶቹ ሁሉ ዞሩ። ያን ያህል ዓይን አንድ ላይ አይቶኝ አያውቅም።

«ማን ነው የተናገረው?» አሉ ባለ ሂናው ሽማግሌ።

«ትንሿ ናት። አትናገርም ነበር» አለ አባቴ።

«ፎቶ አይደለም። ሥዕል ነው። እኔ ነኝ በኮምፒዩተር የሠራሁት። ኢንጂነሩ ሸጠለት» አልኩ።

አጎቴ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። «የቢሮ ጠራጊ ናት» አላቸው። «ወለል ስታጸዳ የሰማችውን ነው።»

ያኔ ተንበርክኬ ጣቴን ምንጣፉ ላይ አሳረፍኩ። «ሻሹን እዩት። በአረንጓዴ ጨርቅ የተጣፈውን። የእህቴ ሻሽ ነው። እማዬ ናት የጣፈችው። ሙሽራው ቤት የእሷ ሻሽ እንዴት ይሰጣል?»

ሳቁ ቆመ። አጎቴ ሥዕሉን አንስቶ ዓይኑ ድረስ አቀረበው። ለአባቴ ሰጠው። አባቴ ለረጅም ጊዜ አየውና እናቴን ጠራት። እናቴ ከመጋረጃው ኋላ መጥታ አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። አመኑኝ አልኩ። በሕይወቴ ውስጥ ያን ጊዜ ብቻ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል፣ የተናገርኩት ነገር ቦታው የደረሰ መሰለኝ።

አጎቴ መጋረጃው ጥግ ወደ ቆመችው እህቴ ዞረ።

«ሻሽሽ እሱ ቤት ምን ይሠራል?»

ምን ማለቱ እንደሆነ ከኔ በፊት የገባት እሷ ናት። ፊቷ አመድ ሆነ። «ብድሬ ሄጄ አላውቅም! ወላሂል አዚም፣ በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም!» አለች።

«ሼክ ሁሴን ነው ያየሽ አይደል? እዚያ ይሄን ሻሽ አድርገሽ አልነበረም? አክስትሽ ሕዝቡ መሃል ጠፋችብኝ አላለችም?»

«ውሃ ልቀዳ ነበር የሄድኩት!»

«ብድሬ ነው ውሃው?»

አንዱ ሽማግሌ ሳይፈልግ ሳቀ። አጎቴ በጥፊ መታት። እኔ እየጮህኩ ነበር። «እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው ያነሳሁት! በገዛ ገመዳችን ላይ ነው! በኋላ ነው ቤቱ ላይ የለጠፍኩት!»

አጎቴ በእርጋታ አየኝ። ያ እርጋታው ከጥፊው ይከፋ ነበር። «ሻሹ ፎቶ ነው ትያለሽ። ቤቱ ፎቶ አይደለም ትያለሽ። አንድ ወረቀት ላይ ናቸው። አንዱን ምረጪ።»

መልስ ነበረኝ። ምን ያህል ሰዓት እንደቆረጥኩት፣ ጥላውን እንዴት እንዳሳረፍኩት፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር ቃሉ አልነበረኝም፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅማ። ኢንጂነሩ የኮምፒዩተር መሆኑ እንዳይታወቅ ያለውን ሠርቼለታለሁ። አልታወቀም።

ባለ ሂናው ሽማግሌ ወደ ሙሽራው ዞሩ። «አንተስ? ልጅቷ ቤትህ መጥታለች?»

ሙሽራው ምንጣፉን አየ። ሥዕሉን አየ። አልመጣችም ቢል ሻሹ ከየት መጣ ሊባል ነው፤ ከዚያ ቤቱ ከየት መጣ ሊባል ነው። የበትሩን ጫፍ በጣቱ አሸት አሸት አደረገና ራሱን ነቀነቀ። አዎ ማለቱ ነበር።

አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ አጎቴን ለመነው። «ኢንጂነሩን እንጠይቀው። ልጄ እንዲህ ያለ ውሸት ከየት ታመጣለች?» አለ። እንግዶቹ እንደተቀመጡ አጎቴ ባጃጅ አስቁሞ ከፊት ገባ፤ እኔ ከኋላ። ቢሮ ስንደርስ ኢንጂነሩ ሻይ እየጠጣ ነበር። አጎቴ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ጣለለት።

«ይሄን እሷ ሠራሁ ትላለች።»

ኢንጂነሩ ሥዕሉን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። የሌላ ሰው ቤት መሸጡ ቢሰማ የጎባው ነጋዴ አይተወውም። ያን ሲያስብ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

«እሷ?» አለ። «አባቴ፣ እሷ ወለል ነው የምትጠርገው። ኮምፒዩተር በየት በኩል እንደሚበራ አታውቅም።»

«ይሄስ ቤት?»

«አላየሁትም። የሚያምር ቤት ነው። እርስዎ ነዎት ባለቤቱ?»

«ኢንጂነር፣ በአላህ ይሁንብዎ» አልኩት። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

«ልጅቷ ትንሽ ታስባለች» አለ ለአጎቴ፣ ጭንቅላቱን በጣቱ እየነካ። «ለእህቷ ብላ ይሆናል። ጥሩ ልጅ ናት።»

አጎቴ አመስግኖት ወጣ። እኔ ልከተለው ስል ኢንጂነሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራኝ።

«ስምንተኛ። የሆቴሉን ስሪዲ ለሰኞ ነው የሚፈልጉት። ጠዋት ገብተሽ ጨርሺው። ልብስ ግን እንዳትሰጪበት።»

ቤት ስመለስ መህሩ ተቀይሮ ነበር። ያለ ኒካ የወንድ ደጅ ያየች ልጅ ቤት አይጠየቅባትም አሉ። ቤቱ ቀርቶ አንድ ቁርአንና አንድ ጥንድ ጫማ ሆነ። ሙሽራው በዚያ ቀን ያተረፈውን ያህል ከብት ነግዶ አትርፎ አያውቅም። ኒካው እዚያው ታሰረ፤ ሰው አልተጠራም፣ እንሾሽላ አልተቀባችም። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ስቀመጥ እጄን ገፋችው።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ዝም ብለሽ ኖርሽ» አለችኝ። «የምንወድልሽ እሱን ብቻ ነበር።»

እህቴን የወሰዳት ከብት ጭኖ መጥቶ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ነው። ልትሳፈር ስትል ራሷ ላይ ያደረገችው ጥቁር ሻሽ ነበር። አጎቴ ቢጫውን ከገመድ ላይ አውርዶ አመጣላት።

«ይሄን አድርጊ» አለ። «መንገዱን ያውቀዋል።»

አደረገችው። ከመኪናው ላይ ዞራ አላየችኝም።

እኔ ሰኞ ቢሮ ገባሁ። ሌላ የምገባበት ቦታ አልነበረኝም። የሆቴሉን ስሪዲ ጨረስኩ። ኢንጂነሩ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አላነሳም፤ ሻይ ሲያዘኝ ብቻ ትንሽ ይለሳለስ ነበር፣ እሱም ሳምንት ሳይሞላ አለፈለት። የጎባውን ቤት ፋይል ለማየት ፈለግኩ። ከማሽኑ ላይ ተሰርዟል።

እህቴ ስትወልድ እናቴ ልብስና ቂቤ አስይዛ ወደ ብድሬ ላከችኝ። «እኔ አልችልም፣ አንቺ ሂጂ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው» አለችኝ። መኪናው ከደጋው ሲወርድ ግራሩ መታየት ጀመረ። ሥዕሉ ላይ ያደረግኩት ግራር ትክክል ነበር። አፈሩ ግን እኔ ካቀላሁት በላይ ቀይ ነው።

ቤቱ ከከብት በረት ጋር የተያያዘ አንድ ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ያልተመረገ ጭቃ። በሩ የቆርቆሮ ነው፤ የሚቆለፈው ከውጭ በሰንሰለት ነው። እህቴ ሕፃኑን ታቅፋ አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከሲታለች። «ግቢ» አለችኝ። ሌላ ሰላምታ አልነበረም።

በሩ ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ፣ ሥዕሉ በምስማር ተሰቅሏል። አቧራ እንዳይነካው መልሶ ላስቲክ ለብሷል። እዚያ ካልሆነ የምቀመጥበት ቦታ ስላልነበር ከሱ ትይዩ ተቀመጥኩ።

ጎረቤት ሴቶች ሊጠይቁ ገቡ። አራስ ጠያቂ እንደሚያደርገው ገንፎውን ቀምሰው፣ ሕፃኑን ባርከው፣ «ይቺስ ማን ናት?» ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ።

«እህቴ ናት» አለች። ከዚያ ሥዕሉን በአገጯ አመለከተች። «ቤቴን የሠራችልኝ እሷ ናት።»

ሴቶቹ ተያዩ።

«ወላሂ። በእጇ ነው የሠራችው። ከኮምፒዩተር ጋር። ድንጋዩን፣ በረንዳውን፣ በሩን። በሩን አያችሁት? ቁልፍ አለው። ከሮቤ እስከ ጎባ እንደሷ የሚሠራ የለም። እዩዋት፣ ስታፍር።»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠችና ለኔ ገንፎ አቀረበችልኝ። ያንን ሥራ የኔ ነው ብሎ በሰው ፊት የተናገረ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። የመጀመሪያዋ እህቴ ናት። አንገቴን ደፍቼ በላሁ።

ሴቶቹ ወጡ። ሕፃኑ ጠባ፣ ተኛ። ክፍሉ ጨለማ ነበር፤ አንድ መስኮት አላት፣ መስታወት የላትም። ቀዳዳዋ በጨርቅ ተወትፏል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምደው ጨርቁን አወቅኩት። ቢጫው ወደ ቡናማ ሄዷል። የተጣፈው ማዕዘን ወደ ውስጥ፣ ወደ እኛ በኩል ዞሮ፣ አረንጓዴነቱ እንዳለ ነበር።

እህቴ የማየውን አየች።

«መንገድ ላይ ልታደርጊው ልሰጥሽ አስቤ ነበር» አለች። «ግን ካወጣሁት አቧራ ይገባል።»

ከዚያ ሕፃኑን አልጋው ላይ አጋድማ ተነሳች፤ የመመለሻው መኪና እንዳያመልጠኝ በሩን ከፈተችልኝ። እኔ ስወጣ ባሏ ከበረቱ እየመጣ ነበር። ሰላም አለኝና ከኋላዬ በሩን እህቴ ላይ ዘግቶ ሰንሰለቱን አሠረው።